ጫካውን ያጠርንበት እሾህ

የበደለኝ ሰው ሐጂ ሙሴ አዋሌ ይባላል። ስሙን ከፊት ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። መጻፍ የሚችሉ ሰዎች «አንድ ግለሰብ» እያሉ ነገሩን ሲሸፋፍኑት አያለሁ፤ እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ ከዚያ ወዲህ ስኳር የሚጠቀለልበትን ጋዜጣ እያነበብኩ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ መሸፋፈን የሚባለው ትምህርት ላይ አልደረስኩም። ደግሞ ሐጂ ሙሴን ባታውቁት ነው እንጂ፣ በደሉ ተጽፎ ስሙ ቢቀር ይቀየመኛል። ቤቱ ከቤቴ ቀጥሎ ነው። በመካከላችን አንድ የቅንጭብ አጥር አለ፤ እሱንም የተከልኩት እኔ ነኝ። ይህን አጥር አትርሱብኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

አጥር ነገረኛ ነው። ሰው ሲያጥር ሌባ የከለከለ ይመስለዋል፤ ሌባ ግን በአጥር የቀረበት ዘመን የለም፣ በአጥር የሚቀረው ጎረቤት ነው። ጅጅጋ ወርዳችሁ አዲሶቹን ሰፈሮች ብታዩ ግንቡ ከቤቱ ይረዝማል፤ አናቱ ላይ ደግሞ የጠርሙስ ስባሪ ተሰክቶበታል። ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደሚፈራ ጠይቄ አላውቅም፤ ቢጠየቅም የሚያውቀው አይመስለኝም። የእኛ ከተማ ገና እዚያ አልደረሰችም። ከጅጅጋ ወደ ቱሊ ጉሌድ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ሾፌሩ ሽንቱ ካልመጣ በቀር ሚኒባስ የማይቆምባት ከተማ ናት። እኛ የምንታጠረው በእሾህ፣ በቅንጭብ፣ ሲደላን በቆርቆሮ ነው። የምንፈራውንም እናውቀዋለን። ፍየል ነው።

ቅንጭቡን የተከልኩት የሙሴ ፍየል የባለቤቴን የአስር አለቃ በቀለን የፈቃድ ወረቀት የበላች ቀን ነው። ማኅተሙን ሳታስቀር። ባለቤቴ ለአሥር ቀን እረፍት ከጦር ሰፈር የመጣ ሰው፣ ወረቀቱ ፍየል ሆድ ውስጥ ገብቶ «ኮብልሎ ነው» ሊባል ምንም አልቀረው። ሙሴ ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበር፣ ሐጂም አልሆነ፤ ቆሞ ሳቀ። «ፍየሏም እረፍት አምሯት ነው» አለ። እኔ አልሳቅኩም። በማግስቱ ከወንዙ ዳር ቅንጭብ አስመጥቼ በሁለታችን ግቢ መካከል ተከልኩ። ቅንጭብ ፍየል አይበላውም፤ ወተቱ ያቃጥላታል፣ ዓይን ከገባማ ሰውንም ቀኑን ሙሉ ያስለቅሳል። እንዲህ ሆኖ ሠላሳ ምናምን ዓመት ኖርን፤ እሱ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፣ ሚስቱ ሳህራ ደግሞ በአጥሩ አናት ላይ ከእኔ ጋር ስታወራ።

አሁን ወደ ጫካው ልውሰዳችሁ።

ከከተማችን ጀርባ፣ ከኮረብታው ግርጌ ተነስቶ እስከ ደረቁ ወንዝ የሚወርደው የግራርና የወይራ ጫካ «ኬይንታ» ይባላል። በሶማሊኛ «ጫካው» ማለት ነው። ሌላ ጫካ ስለሌለን ሌላ ስም አላስፈለገውም። የዚህ አገር ሴት የወተት ዕቃዋን የምታጥነው በኬይንታ ወይራ ነው፤ ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ የገባ ወተት ሳህራ ብትቀምስ ትተፋዋለች። የታመመ ግመል ጥላ ስር ተኝቶ የሚያገግመው እዚያ ነው። ሙሽራ የሚዘፈንላት፣ የተጣላ የሚታረቀው፣ አስተማሪ ተማሪዎቹን አስከትሎ «ይህ ምን ይባላል?» እያለ የሚዞረው እዚያ ነው። ከሁሉም በላይ፣ የምንጠጣው ውሃ የሚጠራቀምበት ቢርካ ከኬይንታ በታች የተቆፈረ ነው። ዛፉ ሲኖር የዝናቡ ውሃ ጠርቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ዛፉ ሲሄድ አፈሩም አብሮ ወደ ቢርካው ይገባል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም፤ ባልዲ ያስፈልጋል።

እና ባልዲያችን ጭቃ ማውጣት ጀመረ።

ዝናቡ ሁለት ዓመት ፊቱን አዙሮብን ነበር። ከብቱ ያለቀበት ሰው ምሳር አነሳ፤ ማን ይፈርድበታል? ከሰሉ በማዳበሪያ እየሆነ መንገድ ዳር ይደረደራል፣ አይሱዙ ይመጣል፣ ይጭናል፣ ይሄዳል። እኛም አይሱዙው ሲያልፍ እጃችንን እናውለበልባለን፤ ሾፌሩ ጨዋ ሰው ነበር። ቢርካው በደለል ሲሞላ ነው እጃችንን የሰበሰብነው።

ያኔ የተነሳው ሐጂ ሙሴ ነው። በደለኝ ብዬ የሠራውን በጎ ነገር አልደብቅም፤ እኔ ፊደል ነው የጎደለኝ እንጂ ኅሊና አልጎደለኝም። በሰባ ምናምን ዓመቱ ባኮራውን ተደግፎ ቤት ለቤት ዞረ። ለከሰል የሚሆን አንድም ዛፍ እንዳይቆረጥ ሽማግሌውን ሁሉ ቃል አስገባ። ከሰል አክሳዮቹን ሰብስቦ የጫካው ዘበኛ አደረጋቸው፤ ኬይንታን ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና ይህ ብልህነት ነው። መንግሥት አልላከን፣ ነጭ መኪና ያለው ድርጅት አልመጣ፣ ቲሸርት አልታደለ። ቲሸርት አለመታደሉን ሳይ ነው ነገሩ የምር መሆኑን ያመንኩት።

መዝገብ ያዥ ሆኖ የተመረጠው መምህር ደረጀ ነው። ከጎጃም ተመድቦ «ለአንድ ዓመት ነው የመጣሁት» ካለ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ነው። ደብተሩ ላይ «የኬይንታ ቤተሰቦች» ብሎ በሁለት ቋንቋ ጻፈና የእያንዳንዱን ቤት ስም መዘገበ። የእኔም ስም አለበት፤ ወይዘሮ የሺ። ጽሑፉ ያምራል። ስሜ በሰው እጅ እንዲያ ተውቦ ሲጻፍ ያየሁት የጋብቻ ወረቀቴ ላይ ብቻ ነው።

ከዚያ ኬይንታ ይታጠር ተባለ።

የሶማሌ ከብት አርቢ አጥር ሲል እሾህ ማለቱ ነው። ግራሩን ይቆርጣል፣ ጎትቶ ያመጣል፣ ግንዱን ወደ ውስጥ እሾሁን ወደ ውጭ አድርጎ አንዱን ባንዱ ያጠላልፋል፤ ኦድ ይሉታል። ሐጂ ሙሴ በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። እሱ ባጠረው ኦድ ውስጥ ነፋስ እንኳ ሲያልፍ ልብሱ ይቀደዳል እያሉ ያሙታል። አባቱም አያቱም አጥር አጣሪ ነበሩ። ስለዚህ ሐጂ ትእዛዝ ሰጠ፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ሸክም እሾህ ያምጣ፣ ያመጣ ሰው በስሙ ይመዝገብ።

እሾህ ከየት ይመጣል? ገበያ አይሸጥ። ከከተማው ወዲያ ያለው ሜዳ እንደሆነ ራሰ በራ ነው። እሾህ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ኬይንታ ውስጥ።

እናንተ አሁን ሳቃችሁ። እኛ አልሳቅንም፤ ሥራ ላይ ነበርን። ሰው ሁሉ ምሳሩን ስሎ ጫካውን ሊያድን ወደ ጫካው ገባ። መጀመሪያ ቅርንጫፍ ብቻ ነው የተቆረጠው፤ ቅርንጫፍ ዛፍ አይደለም ተባለ። ቅርንጫፉ ሲያልቅ ትናንሽ ግራሮች ተቆረጡ፤ ትንሽ ግራር ለከሰል ስለማይሆን ቃሉ አልፈረሰም ተባለ። ዘበኞቹ በር ላይ ቆመው «ለከሰል ነው ለአጥር?» ብለው ይጠይቃሉ። «ለአጥር» ያለ ያልፋል። ይባስ ብለው የሚከብደውን ያግዙታል።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ጉልበቴ ስለማይችል አንድ ባለአህያ ለምኜ በስሜ አንድ ሸክም አስጣልኩ። ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩትም። ደረጀ «ወይዘሮ የሺ፣ አንድ ሸክም» ብሎ ሲጽፍ አንገቴን ቀና አድርጌ ቆሜ ነበር።

ከኬይንታ በር ፊት ለፊት አንዲት ሱቅ አለችኝ፤ ስኳር፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ፓስታ እቸረችራለሁ። አንድ ማለዳ መስኮቷን ስከፍት የስልኩን ማማ አየሁት። ማማው ከጫካው ወዲያ ማዶ ነው የተተከለው፤ ከሱቄ ሆኜ ጫፉ ላይ ያለችውን ቀይ መብራት እንጂ ሌላ አካሉን አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ወገቡን አየሁ። በሳምንቱ እግሩን አየሁ። በሁለተኛው ሳምንት ማማው ሥር የታሰረች አህያ አየሁ፤ ጆሮዋን ስትነቀንቅ ሳይቀር።

ሐጂ ሙሴ ሳሙና ሊገዛ መጣ። እጁ በእሾህ ተቧጭሯል፣ ፊቱ ግን በርቷል።

«የሺ፣ አጥሩን አየሽው? ከዚህ እስከ አይሻ እንዲህ ያለ የለም፣ ወላሂ።»

«አየሁት። አህያዋንም አየኋት።»

«የምን አህያ?»

«ተወው። ሳሙናህን ያዝ።»

እንዲያው ያን ቀን ብነግረው ኖሮ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ይናደድና ያልፍለት ነበር። እኔ ግን ዓርብ ድረስ ጠበቅኩ። ሰው እንዲሰማኝ ፈልጌ ነው፣ አልዋሽም።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ትልቁ ግራር ስር ስብሰባ ነበር። ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ፣ እኛ ሴቶቹ ከምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀመጥን፤ የሁላችንም ጫማ ወልቆ አንድ ላይ ተከምሯል። ሐጂ ሙሴ አጥሩ ሦስት ጎኑ እንዳለቀና አንድ ጎን ብቻ እንደቀረው፣ ለእሱም እያንዳንዱ ቤት ሁለተኛ ሸክም እንዲያመጣ ተናገረ። ሻይ እየዞረ ነበር፤ የፈላው በከሰል ነው፣ ይህንን ማንም አላነሳውም። እኔ እጄን አነሳሁ።

«ሐጂ፣» አልኩ በሶማሊኛ፣ «ሁለተኛውን ሸክም ካመጣን አጥሩ ይኖራል፤ የሚታጠረው ግን አይኖርም። ጫካው አሁን አጥሩ ውስጥ አይደለም ያለው፣ አጥሩ ላይ ነው። ይሄ እሾህ ደግሞ ደርቋል፤ በዓመቱ ምስጥ ይበላዋል። ያን ጊዜ ምን ልትቆርጡ ነው? የስልኩን ማማ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ይህ ባልከፋ፤ የከፋው፣ ከሁሉም ጮክ ብላ የሳቀችው ሳህራ መሆኗ ነው። የገዛ ሚስቱ።

ሐጂ ሙሴ ባኮራውን መሬት ላይ ተከለ። ፊቱን ወደ ሕዝቡ እንጂ ወደ እኔ አላዞረም።

«ኬይንታን በማዳበሪያ ቋጥራ የሸጠች ሴት ናት ዛሬ ስለ ኬይንታ የምታስተምረን?» አለ። «የቆረጠ እጅ ነው የሚናገረው? እኛ እዚህ ተወለድን፣ እዚህ እንቀበራለን። አንቺ ማርቲ ነሽ። በመጣሽበት አገር ጫካ ካለ ሂጂና እሱን አጥሪ።» ከዚያ ወደ መዝገብ ያዡ ዞረ። «ደረጀ፣ ስሟን ሰርዝ።»

ማርቲ ማለት እንግዳ ማለት ነው።

መምህር ደረጀ እስክሪብቶውን እንደያዘ እኔን አየ፣ ሐጂን አየ፣ ከዚያ ቀለም እንዳለቀበት ሰው ደብተሩ ጥግ ላይ ጫር ጫር ማድረግ ጀመረ። እስክሪብቶውን የሸጥኩለት እኔ ነኝ፤ አዲስ ነው። እኔም ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ ብታዩኝ ትኮሩብኝ ነበር፤ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ማንንም ሳላይ፣ ጫማዬን አጥልቄ እንደ ወይዘሮ ወጣሁ። ቤቴ ደርሼ ወደ እግሬ ባይ የግራው የእኔ ነው፣ የቀኙ የሐጂ ሙሴ ነጠላ ጫማ ነው። ያን ሁሉ መንገድ በዚያ ኩራት የሄድኩት አንድ እግሬ በበደለኝ ሰው ጫማ ውስጥ እየዋለለ ነው።

አሁን ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ከሰል ሸጫለሁ። ባለቤቴ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ልቡ ቀጥ አለችና ሦስት ልጅ ይዤ ቀረሁ። ከአክሳዮቹ በማዳበሪያ እገዛለሁ፣ በጣሳ እየሰፈርኩ እሸጣለሁ። አሥራ አንድ ዓመት። ልጆቼ የተማሩት በኬይንታ ነው፤ ይህንን እኔም አውቃለሁ፣ ሐጂም ያውቃል፣ ከሰሉንም ሲገዛኝ የነበረው እሱ ነው።

ያቆምኩት በአንዲት ሚስማር ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ እሑድ እሑድ ኬይንታ ገብተን አንድ ወይራ ስር እንቀመጥ ነበር፤ ሬዲዮኑን የሚሰቅልባት ሚስማር ግንዱ ላይ መትቶ ነበር። አንድ ቀን ማዳበሪያ ፈትቼ ስዘረግፍ፣ ከአንዱ ከሰል ውስጥ ሚስማሯ ብቅ ብላ አየኋት። ጠምዛዛ ናት፤ ሲመታት እጁን ስቶ ያጎበጣት እሱ ነው። ዛፉ ከሰል ሆኗል፣ እሷ ምንም አልሆነችም። የቀረውን ከሰል ለጎረቤት አደልኩና ስኳር መሸጥ ጀመርኩ። ሚስማሯ አሁን የሱቄ ቁልፍ የሚንጠለጠልባት ናት።

እንግዲህ ሐጂ ሙሴ ከተናገረው ግማሹ እውነት ነው። እውነቱ አላመመኝም፤ ከእሱ በፊት እኔው ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። አንጀቴ የገባችው ማርቲ የምትለዋ ናት። ቡልጋ ተወልጄ በአሥራ ስምንት ዓመቴ ሙሽራ ሆኜ ነው የመጣሁት፤ ከዚያ ወዲህ ቡልጋን ያየኋት ሦስት ጊዜ ነው፣ ሦስቱንም ለለቅሶ። ባለቤቴ እዚህ ተቀብሯል። ልጄ ድሬዳዋ «ነዪ» ትለኛለች፣ አልሄድም። ደግሞ ሐጂ የሰደበኝ በሶማሊኛ ነው፤ ከስድቡ አንድ ቃል አላመለጠኝም። እንግዳ ብሆን ኖሮ ግማሹ ያመልጠኝ ነበር።

ጀንበር ሳትጠልቅ ሳህራ በአጥሩ አናት ላይ ጭንቅላቷን ብቅ አደረገች።

«የሺ፣ ሩዙን አልነካውም።»

«ይራበው።»

«አንቺስ በላሽ?»

«ምን አገባሽ? ነገሩን ያመጣሽው አንቺ፤ ማን ሳቂ አለሽ?»

«ምን ላድርግ፣ ያስቃላ። ደግሞ እውነት ነው።»

«እውነት ከሆነ ለምን ተነስተሽ እውነት ነው አላልሽም?»

«ባሌ ነው እኮ የሺ። በሰው ፊት ስቄበታለሁ፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እሑድ ሁለተኛው ሸክም ይጀመራል። ትልቁን ግራር ራሱን ሊነኩት ነው፤ ሌላ የእሾህ ዛፍ በቅርብ የለም።»

ትልቁ ግራር ማለት ስብሰባው የሚደረግበት፣ የተሰደብኩበት ማለት ነው። ስብሰባውን እየጠላሁም ዛፉ አሳዘነኝ። ሳህራ ታወራለች፣ እኔ ግን እሷን ማየት ትቼ በመካከላችን ያለውን ማየት ጀመርኩ። ቅንጭቡን። ከራሳችን በላይ ሆኗል። ምስጥ ነክቶት አያውቅም። የሐጂ ፍየሎች ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሽትተውት ይመለሳሉ። በየዓመቱ እቆርጠዋለሁ፣ በየዓመቱ ይመለሳል፤ ቁራጩ የወደቀበት ቦታ እንኳ ካላነሱት ሥር ይሰዳል። ለእሱ ተብሎ አንድ ዛፍ አልተቆረጠም። የኬይንታ አጥር ፊት ለፊታችን ቆሞ በላዩ ላይ ስናወራ ነው ያረጀነው።

ቢሆንም አልቸኮልኩም። ለእናንተ ሲታይ ቅንጭብ ነው፤ ለእኔ መጋረጃዬ ነው። ብቻዬን የምኖር አሮጊት ነኝ፤ እግሬን የምታጠበው፣ የውስጥ ልብሴን የማሰጣው፣ አንዳንዴም ከባለቤቴ ጋር እንዳለ አድርጌ የማወራው ከዚያ አጥር ወዲህ ነው። እሱ ከተቆረጠ እስኪያድግ ሁለት ሦስት ዓመት ነው፤ የእኔ ዕድሜ ደግሞ እንደ ቅንጭብ አያቆጠቁጥም። ወንዝ ዳር የነበረው ቅንጭብ በጎርፍ ከሄደ ቆይቷል። ከተማው ውስጥ ለአንድ ጎን የሚበቃ ቅንጭብ ያለው የእኔ ግቢ ብቻ ነው። እዚያው ቆሜ አሰብኩት። ሳህራ «ምነው ዝም አልሽ?» አለችኝ። «ሂጂ ባልሽን አብዪ» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት የባለቤቴን የወታደር ካፖርት ለበስኩ፣ የቅንጭብ ወተት ከካፖርት አያልፍም። እጄን በፌስታል ጠቀለልኩ፣ ዓይኔ ሥር ድረስ በሻሽ ተሸፈንኩ። ገጀራውን ሳልኩና ከመሐል ጀመርኩ። ጉልበቴ ሁለት ቆርጦ አንድ የሚያርፍ ጉልበት ነው። ጉቶውን እተዋለሁ፣ ያቆጠቁጣል፤ የቆረጥኩትን በክንድ ልክ ከፍዬ ጥላ ሥር አስተኛዋለሁ፤ ቁስሉ ሁለት ሦስት ቀን ካልደረቀ ሲተከል ይበሰብሳል። አንድ ሰው የሚያሾልክ ያህል እንደከፈትኩ ወዲያ ማዶ የሐጂ ሙሴ ግቢ ታየኝ። ሐጂም ታየኝ። መፋቂያ አፉ ውስጥ፣ የእኔ የቀኝ እግር ነጠላ ጫማ እጁ ላይ። ይዞልኝ እየመጣ ነበር ማለት ነው።

«ናያ፣ አንቺ የሺ! አብደሻል?»

«ለኬይንታ አጥር እያዋጣሁ ነው። ወደ አንተ ያዘነበለው ያንተ ነው፤ ደረጀ በስምህ ይጻፈው።»

ጎንበስ አለ። አንዱን ቁራጭ አነሳ፣ አገላበጠው፣ በጥፍሩ ጫር አድርጎ ወተቱን አየ። ሰውየው አጥር አዋቂ ነው አላልኳችሁም? ሲያስብ ፊቱን አውቀዋለሁ።

«ያለ ሥር ይበቅላል?»

«ሠላሳ ዓመት ፊትህ የቆመው ያለ ሥር ነው የተተከለው።»

«ለፍየል የሚበቃ እስኪሆን ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አንተ ይቅርታ ለመጠየቅ ከሚፈጅብህ ያነሰ።»

መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።  ጫማዬን በተከፈተው በኩል አቀበለኝ፣ እኔም የእሱን ከበሩ ጥግ አንስቼ ሰጠሁት። ሁለታችንም እየተደገፍን አጠለቅን። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ቤቱ ገባ። በቃ ተጣላን አልኩና ገጀራዬን አነሳሁ። ወዲያው ተመልሶ መጣ፤ ግራር ሲቆርጥባት የከረመባትን ያቺን ምሳሩን ይዟል። ከወዲያ ጫፍ መቁረጥ ጀመረ።

«ዓይንህን እንዳትነካ» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። በየዓመቱ የምቆርጠው እኔ ነኝ።»

እንዲህ እየተባባልን ወደ መሐል ስንገናኝ፣ ከእግራችን ሥር አንዲት ነገር ሹልክ አለች። የሐጂ ፍየል ናት። ያቺ ወረቀት የበላችው አይደለችም፣ የልጅ ልጅ ልጇ ትሆናለች፤ ግን ወሬውን ከአያቷ የሰማች ይመስል ቀጥ ብላ ወደ ተሰጣው ልብሴ ሄደች። ሐጂ ሙሴ ደነገጠ፤ ምሳሩን ጥሎ ባኮራውን አንስቶ ሊያባርራት ዘለለ።

«ተዋት ሐጂ፣» አልኩት፣ «ማርቲ ናት።»

ብዬም ቀጣዩን ቅንጭብ ቆረጥኩ።